ጠያቂ የበዛበት ወገብ

የመጀመሪያው ቀን በሆስፒታሉ የወገብ ሕክምና ክፍል ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሰናይት፣ እኔን ከጽዳት አንስተው ወደዚያ የመደቡኝ ኃላፊ አቶ ግዛቸው፣ ወገቧን አሟት ከጅጋ የመጣችው ጨርቅ ነጋዴ ዘይነባ፣ ደግፎ ያመጣት ባሏ፣ እና መወልወያዬን እንደያዝኩ እኔ።

አቶ ግዛቸው ሥራዬን በአጭሩ ነገሩኝ። ፍራሽ ማንጠፍ፣ ለወገብ የሚደረገውን የሙቅ ውሃ ከረጢት ማዘጋጀት፣ በሽተኛ ሲነሳና ሲቀመጥ መደገፍ፣ ሰናይት ያዘዘችውን እንቅስቃሴ ሲሠሩ አብሮ መቁጠር። ትምህርቴ እስከ ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። አራተኛ ክፍል ላይ ማቆሜን ነገርኳቸው። እስከ አሥር መቁጠር ከቻልሽ ይበቃል ብለውኝ ወጡ።

እኔ ልጆቼ ሲያስነጥሳቸው እንቅልፍ የማጣ ሰው ነኝ። ያን ቀን ዘይነባን ከአልጋ ሳስነሳ እንዳትወድቅብኝ ፈርቼ ወገቧን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ።

«እህቴ፣ የሚያመኝ እኮ እሱ ነው» አለችኝ።

ባሏ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰናይት እጄን አንስታ ዘይነባ ብብት ሥር አኖረችውና የምንደግፈው እንጂ የምንታገለው ሰው የለም አለችኝ።

ዘይነባ ቀኑን ሙሉ በአጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር የምትሸጠው። ሰናይት ከፍ ያለ ወንበር እንድትገዛና ደንበኛ በመጣ ቁጥር ብድግ እንድትል ነገረቻት። ቆይታ ስትመጣ ደጋፊ ስላላስፈለጋት ባሏ አልተከተላትም።

ወደ እኛ የሚመጣ ሁሉ ቀድሞ ዶክተር ያየዋል። ቢሆንም ሰናይት ጥቂት ጥያቄዎች አስጠናችኝ። እግር አልታዘዝ ይላል? ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ያስቸግራል? በጭን መሐል ይደነዝዛል? ትኩሳት አለ? ወድቀው ነበር? ከነዚህ አንዱ ካለ ፍራሽ ላይ አናስተኛም፣ ቶሎ ወደ ዶክተሩ እንመልሳለን። ጥያቄዎቹን ወደድኳቸው። አንዱን ሰው ደጋግሜ እጠይቅ ነበር። ቡሬ ላይ የበርበሬ ጆንያ የሚጭን አንድ ወጣት «እትዬ፣ እናቴም ለሽንቴ እንዲህ አላሰበችለትም» ብሎኛል።

አያ በላይ ከሽንዲ የመጡት ዝናብ በሚጠበቅበት፣ ሰው መንገዱ ሳይበላሽበት ቶሎ ቶሎ ገበያ በሚወጣበት ወር ነው። አራሽ ናቸው። በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድመው፣ ሌላው ተሳፋሪ ለእሳቸው ሲል ተጣቦ፣ ታናሽ ወንድማቸው ደግፎ አስገባቸው። ሰው ዲስክ ነው፣ ያለ ኦፕራሲዮን አይሆንም ብሏቸው ነበር። ዶክተሩ መርምሮ ኦፕራሲዮንም መርፌም እንደማያስፈልጋቸው ነግሮ ወደ እኛ ላካቸው። እሳቸው ግን መርፌውን ፈልገውት ነበር።

ሰናይት ምን እንዳሳሰባቸው ጠየቀቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተናገሩ። ዝናቡ ሲገባ እርፍ ይዘው ማረስ ካልቻሉ በሬዎቻቸውንም መሬታቸውንም ምርቱን እኩል ለሚካፈል ሌላ አራሽ ሊሰጡ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ እርፋቸውን ሌላ ሰው ይዞት አያውቅም።

በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ፣ ሆድን ጠበቅ አድርጎ ዳሌን ማንሳት፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ መሄድ ታዘዘላቸው። እኛ ዘንድ ሁሉንም ይሠራሉ። እቤታቸው ሄደው ሲመለሱ ግን ያው ናቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮም ያው። ሰናይት ግራ ገባት። እኔ ጥያቄዎቼን ሁሉ እንደገና ጠየቅሁ፤ ሁሉም ደህና ነው።

ቀጥሎ ወንድማቸው አልመቸው ብሎ ሚስታቸው አንጓች ይዛቸው መጣች። ሰናይት እንቅስቃሴውን እቤት ይሠሩት እንደሆነ ጠየቀች። እሳቸው እሠራለሁ አሉ። አንጓች የነጠላዋን ጥለት ታያለች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት ሰናይት።

«መቼ ይሥሩት እቴ? ጠያቂ መች ፋታ ሰጣቸው። ጠዋት ጎረቤት ነው፣ ቀትር ላይ ማኅበርተኛው፣ ማታ ዘመድ። ውሻው ሲጮህ ሮጠው ይተኛሉ።»

«ሮጠው?»

«ከእኔ ይፈጥናሉ።»

አያ በላይ ተቆጡ። «ሰው ሥራውን ፈትቶ ሊጠይቀኝ መጥቶ ጓሮ ስንጎራደድ ያግኘኝ? ምን ይለኛል?»

እውነታቸውን ነው። እኛ አገር የታመመ ይተኛል፣ ጠያቂ ራስጌው ይቀመጣል። ቆሞ የተገኘ በሽተኛ ሥራ ሸሽቶ ነው ይባላል። እኔም ብሆን እተኛ ነበር። ሰናይት አልሳቀችም። ጠያቂው ሲሄድ ማን እንደሚሸኘው ጠየቀች። አንጓች እኔ ነኛ አለች። ደህና ሳሉስ? ደህና ሳሉማ የሚሸኙት እሳቸው ናቸው፣ እስከ ወንዙ ድረስ።

«እንግዲህ አያ በላይ፣ ጠያቂ ሲገባ ይተኙ፣ አልከለክልዎትም። ሲወጣ ግን የሚሸኙት እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ እስከ አጥሩ በር፣ ሲሻልዎት እስከ ወንዙ።»

«በሽተኛ ይሸኛል እንዴ?»

«ሐኪም አዞኝ ነው ይበሉ።»

እኛ ዘንድ መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት ያን ጊዜ ነው። ሳቁ ወገባቸውን ወጋ ሲያደርጋቸው እኔ ደንግጬ ትኩሳት አለዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ደግሞም ዱላ ሳይዙ እንዳይወጡ፣ ወንዙንም እንዳይሻገሩ አስጠነቀቅሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ በሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠው መጡ። አንጓች ወሬውን ነገረችን። ጠያቂው በሽተኛ ሸኝቶን ብቻውን ሊመለስ ነው ብሎ ስለሚያፍር እሳቸውን መልሶ እስከ ቤት ይሸኛል። እሳቸው ደግሞ ይሄማ አይሆንም ብለው እንደገና ይወጣሉ። ከአንድ የአክስታቸው ልጅ ጋር እንዲህ ሲመላለሱ ራት ቀዝቅዞ ደግማ አሞቀችው። ጠዋትም ውሻው ሳይጮህ ፍራሹ ላይ ያለውን እንቅስቃሴ ይሠራሉ፣ የምትቆጥረው እሷ ናት።

በመጨረሻ ያየናቸው ቀን ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ራሳቸው አሰሩ። ሰናይት እርሻውን በትንሽ በትንሹ እንዲጀምሩ፣ ሞፈርና ቀንበሩንም ሌላ ሰው እንዲሸከምላቸው ነገረቻቸው። እስቲ እናያለን ብለው ሄዱ። ከዚያ ዝናቡ ገባ። በቀጠሯቸውም አልመጡም።

በእኛ ሥራ የዳነም ይቀራል፣ የባሰበትም ይቀራል። ሰናይት ድነው ነው ትላለች።

ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው። ለወገብ የታዘዘ እንቅስቃሴ በሰውየው የቀን ውሎ ውስጥ ቦታ ካላገኘ አይሠራም። ስለዚህ አሁን የመጣውን ሰው እቤቱ እንዴት እንደሚውል አስቀድመን እንጠይቃለን።

ይህን የምታነቡ የሽንዲ ሰዎች ካላችሁ የአያ በላይን ወሬ ላኩብኝ። ዘንድሮ በማሳቸው ላይ እርፉን የያዘው ማነው?