«ዛሬ አልችልም»

የምስራች! ዛሬ በመሥሪያ ቤታችን «አልችልም» ተባለ! ያለው ማን መሰላችሁ? ተላላኪያችን፣ «አቤት ወዴት» ብለን ቅጽል ያወጣንለት ሰውዬ!

ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንድ በር ሥር አልጠፋም። ስልክ ሲጠራ እንኳ ብድግ ብሎ ኮቱን ይቆልፍና፣ ለባዶው ግድግዳ እጅ እየነሳ «አቤት ጌታዬ» ይላል። አሽከር፣ ሎሌ፣ አጎብዳጅ እያልን ስንስቅበት እሱም አብሮን ይስቃል። የት እንደሚያድር፣ ከማን ጋር እንደሚበላ ግን አንዳችንም ጠይቀነው አናውቅም።

ታዲያ ዛሬ መውጫ ሰዓት ላይ ኃላፊያችን ብቅ አሉና፣ «አንተ፣ ማታ እቤት ና፤ የምታነሳልኝ ዕቃ አለ» አሉት። በእሳቸው ቤት ሸክም የእሱ ነው፤ ስንት እሑዱ እዚያ አልቋል።

እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጌታዬ፣ ዛሬስ አልችልም። እኔም የምሄድበት አለኝ» አላቸው።

እሳቸው «የት?» እንኳ ሳይሉ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ! እኔማ ከደስታዬ ብዛት እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

አሁን በመስኮት አየዋለሁ። ማዶ ፌርማታው ላይ ብቻውን እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሦስት አውቶቡስ መጣ፣ ሦስቱም ሄደ፤ አንዱንም ቀና ብሎ አላየውም። ለካ የሚሄድበት የለውም! የሚሄድበት ባይኖረውም ግን አልሄደላቸውም።

በሉ፣ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ሳይወጡ ልሩጥና ብቻውን መቀመጡን ልንገራቸው፤ እሳቸውም የሚሳፈሩት ከዚያው ፌርማታ ነው።