ኡሙሃኒ፣ ዲስኮቹና የጁምዓው ስልክ

ቆቦ ላይ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር ኡሙሃኒ የምትሠራበት የሠርግ ቪዲዮ ቤት አለ። የከፈተው ባሏ ታሂር ነው። ደሴ ኮምፒውተር ተምሮ ሲመለስ ካሜራ ገዛና ከሮቢት እስከ ዋጃ የተዳረውን ሁሉ ይቀርጽ ጀመር። አንድ ጊዜ ከደንበኛ ፍላሽ የገባ ቫይረስ የጥርን ሠርግ በሙሉ ጠራርጎ በላበት። ከዚያ ወዲያ ዊንዶውስን ጥሎ ቫይረስ የማይበዛበትን ሊኑክስ ጫነ፤ ሁለት ዲስኮችንም አጣመረና በአንዱ የተጻፈው በሌላውም እንዲጻፍ አደረገ።

«አንዱ ቢሞት ሌላው አለ» ይላት ነበር። «የሰው ሠርግ ተመልሶ አይቀረጽም።»

ተጋብተው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ባሕር ተሻግሮ ጅዳ ገባ። እዚያ የሕንፃ ዘበኛ ሆነ። ቤቱ፣ ካሜራውና የኮምፒውተር ማሽኑ ለኡሙሃኒ ቀሩ።

የሚደውለው ጁምዓ ከሰላት በኋላ ነው። ታሂር ድሮም ወሬ አያበዛም፤ ስልክ ላይማ ጭራሽ ባሰበት። «ደህና ነሽ? እማ ደህና ናት? አልሃምዱሊላህ» ይልና ዝም ነው። ማሽኑ ታመመ ያለችው ቀን ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ትእዛዙን ፊደል በፊደል ያስጽፋታል። «አሁን ክፍተት ተይ። ሰረዝ አድርጊ። ምን አለሽ? አንብቢልኝ እስቲ» እያለ ሳያውቁት ፀሐይ ታዘቀዝቃለች።

ይህን ካየች ወዲያ ኡሙሃኒ የሳምንቱን ብልሽት ሁሉ ለጁምዓ ማስቀመጥ ጀመረች።

ሰው ግን የነካካውን ማወቁ አይቀርም። ሥራ በማይኖርበት ሰዓት ስለ ማሽኑ ኢንተርኔት ላይ ስታነብ፣ ዲስክ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ የሞተው እንዴት ወጥቶ አዲሱ እንደሚገባ ለየች። ለታሂር አልነገረችውም። መፍትሔውን ይዛ ጁምዓን ትጠብቃለች።

ናፍቆቱ የሚጸናባት የድሮ ሠርግ ልትገለብጥ ስትከፍት ነው። በዚያ ሁሉ ቪዲዮ ውስጥ ታሂር አንድም ቦታ አይታይም፤ ካሜራውን የያዘው እሱ ነዋ። ድምፁ ብቻ ከኋላ ይመጣል። «ሚዜዎች ፈቀቅ በሉ። ሙሽሪት፣ ቀና በይልኝ» ይላል። ደንበኛው እየጠበቀ እንኳ እዚያች ላይ ስትደርስ ወደኋላ መልሳ ትሰማዋለች።

በ2005 ግንቦት፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ አንደኛው ዲስክ ሞተ። ሥራው አልቆመም፤ የቀረው ብቻውን ተሸክሞ ቀጠለ። ለታሂር ስትነግረው «አብሽሪ፣ ለዒድ ስመጣ ትላልቅ ዲስኮች ይዤ ነው» አላት።

ዒድ ደረሰ። ዲስኮቹ መጡ፤ እሱ አልመጣም። ያመጣቻቸው ከጅዳ የተመለሰች የሮቢት ልጅ፣ አሚና ነበረች። ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ቴራባይት።

በቀጣዩ ጁምዓ ኡሙሃኒ ዲስኮቹን ሰክታ ጠበቀች። ታሂር ደውሎ በለመደው መንገድ ያስጽፋት ጀመር።

«አሁን ስንት አለሽ?»

«ሁለት ቴራ።»

«ሦስት ነው እኮ። እስቲ ሌላኛውን እዪ።»

«እሱም ሁለት ይላል።»

ታሂር «አታለሉኝ» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ወላሂ ሀኒዬ፣ እዚህ አገር እኔን ያላታለለኝ የለም።»

ኡሙሃኒ ነገሩን ገና ዲስኮቹን ስታያቸው አውቃው ነበር። ዝም ልትል ነበር፤ ይህን ድምፅ ሰምታ ግን አልቻለችም።

«አላታለሉህም» አለችው። «ድሮ የተማርከው አከፋፈል ከሁለት ቴራ በላይ መቁጠር አይችልም። ለትልቅ ዲስክ ሌላ ዓይነት የክፍፍል ሠንጠረዥ ነው የሚጻፈው።»



«ማን ነገረሽ?»

«አንብቤ ነው።»

«ባለፈው ማሽኑ አልነሣም ያለሽ ጊዜስ? የነገርኩሽን ታውቂው ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ስለ ማሽኑ ካልጠየቅኩህ ሰላም ብለህ ትዘጋለህ» አለች። «ድምፅህን ፈልጌ ነው።»

ታሂር «በይ አንቺ ንገሪኝ፤ እኔ ልስማ» አለ።

እየጻፈች የምትጽፈውን ጮክ ብላ ነገረችው። አዲሱን ሠንጠረዥ ጻፈች፤ ሦስቱም ቴራ ታየ። ሁለቱን ዲስኮች አጣመረቻቸውና አንዱ ከሌላው ጋር መመሳሰል ጀመረ። ታሂር «እሺ፣ እሺ» ይላል። መሐል ላይ ድንገት «በሩ ክፍት ነው?» አላት።

«ክፍት ነው።»

«ስልኩን እስቲ ወደ በሩ አድርጊልኝ።»

ተነሥታ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ስልኩን ወደ ውጭ ዘረጋች። ባጃጆች ያልፋሉ፤ የመኪና ረዳት ወልድያ፣ ወልድያ እያለ ይጣራል፤ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ጣል ጣል ይላል። እጇ እስኪዝል ያዘችለት። መልሳ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው ታሂር እያለቀሰ ነበር።

በማግስቱ መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ሲመጣ ማመሳሰሉ ካቆመበት ቀጠለ፤ እሑድ ከሰዓት አለቀ። አሮጌው ዲስክ ላይ የነበሩትን ሠርጎች ወደ አዲሶቹ ገልብጣ አወጣችው።

በሚቀጥለው ጁምዓ ታሂር ደወለ። ስለ ማሽኑ አልጠየቀም። ስለ አባቷ ማሽላ ጠየቃት፤ የጎብዬ ገበያ እንዴት እንደዋለ ነገረችው፤ እሱም የሚያድርባት ክፍል መስኮት እንደሌላት በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አወራላት። እመጣለሁ አላላትም፤ እሷም መቼ አላለችውም። ገና እያወራ ካርዱ አልቆ ተቋረጠ። ኡሙሃኒ እንደገና ይሞላ ይሆናል ብላ፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች።