የአጋም ጠጅ ለኅዳር ሚካኤል

ባለፈው ቅዳሜ መካነ ሰላም መናኸሪያው በር ላይ አንዲት ልጅ አጋም በሲኒ እየሰፈረች ስትሸጥ አገኘኋት። ሁለት ሲኒ አስለካሁና ቤት ሳልደርስ ጨረስኩት። ከንፈሬም ጣቴም ጠቁሮ ስገባ የልጅ ልጄ «አባባ፣ ቀለም ጠጥተህ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ቀለም የቆጠርኩት ሠላሳ ሊሞላኝ ሲል ነው፣ እሱንም በግድ፣ ልላት ፈለግሁና ተውኩት። አጋም ከቀመስኩ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። ለምን እንደተውኩት የሚጠይቀኝ ሲመጣ «ጥርሴን ያመኛል» እል ነበር። ጥርሴን አሞኝ አያውቅም።

ነገሩ የስድሳ ስድስት ነው፤ ጥቅምት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሞቶ፣ እኔና እናቴ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀን፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ እንኖር ነበር። በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም እንደ ነገሩ ጥሎ ሄደ፤ ገብሱ ፍሬ ሳይዝ ነጣ። ሌላ ጊዜ ጥቅምት ማለት እሸት የሚጠበስበት፣ ሽታው ከቤት ቤት የሚዞርበት ወር ነው። በዚያ ዓመት የሚሸተው አቧራ ብቻ ነበር። ከእኛ የባሰባቸው ሰዎች ጓዛቸውን ተሸክመው በአቀስታ በኩል ይመጡ ነበር። የት እንደሚሄዱ ስንጠይቃቸው «ወደፊት» ነበር የሚሉን።

እኔን ግን ያስጨነቀኝ ረሀቡ አልነበረም፤ በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ አልፈልግም። ያስጨነቀችኝ የሻረግ ናት።

የሻረግ ከወንዙ ማዶ ያሉት የአያ ደምሴ ልጅ ናት። ሌሎቹ ሴቶች ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ይከልላሉ፤ እሷ አትከልልም ነበር። ሽማግሌ ልኬ አባቷ ቁርጥ መልስ አልሰጡኝም። አያ ደምሴ የሚካኤል ጽዋ ማኅበራችን ሙሴ ነበሩ፤ ማኅበሩን የሚመራው ሰው እንዲያ ነው የሚባለው። አሥራ ሁለት ቤት ነን፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ ተራ የደረሰው ቤት ጠላና ዳቦ ያዘጋጃል። ኅዳር የእናቴ ተራ ነበር። አያ ደምሴ ለሽማግሌዎቹ ያሏቸው እንዲህ ነው፦ «ኅዳር ሚካኤልን ልየው። ማኅበሩን ማስተናገድ የቻለ ቤት ልጄንም አያስርባት።»

በጎታችን ውስጥ የነበረው የዘር ገብስ ብቻ ነው። እናቴን ጥቂት ቆንጥረን ጠላ እንጥመቅ ብላት «ከዚያ ምን ልትዘራ ነው፣ ጥርስህን?» አለችኝ። ግን እሷም እንደ እኔ አንገቷን ደፍታ ነበር። በሦስተኛው ቀን መላውን ራሷ አመጣችው። እሷ የቆላ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ማር ሲጠፋ አጋም ሲጠመቅ አይታለች። «ጠጅ እንበለው እንጂ ጠጅ አይደለም» አለች። «ግን ያሰክራል፤ መልኩም ያምራል። ዳቦውን ገብሱ መሃል ከበቀለው ሲናር እጋግራለሁ።»

አጋሙ ከገደሉ ወገብ ላይ ነው ያለው። ዝናብ ቢቀርም እሱ አይቀርም፤ እሾሁን ነክሶ ያፈራል። ገና ሲነጋ ቅርጫቴን ይዤ ወረድኩ። የሻረግ ለከብት ቅጠል ልልቀም ብላ ከቤት ወጥታ መጣችልኝ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም፤ ይኼን ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል። ያልበሰለው ነጭ ወተት እያወጣ ጣታችንን ያጣብቃል፤ የበሰለው ገና ስንነካው ይፈርጣል።

«አንተ እኮ ከምትለቅመው የምትበላው ይበዛል» አለችኝ። «ማኅበሩ ሊጠጣ የመጣው ምራቅህን ነው?»

«አንቺስ፣ ከንፈርሽን አይተሽዋል?»

«በምን ልየው? መስታወት ገዝተህልኛል?»

«ጥር ይድረስ፤ እገዛልሻለሁ።»

«እስከ ጥር ድረስ በባዶ እጅህ ልትመጣ ነው?» ብላ ሳቀች፤ አፏን ሳትከልል።

ከቀትር በኋላ ቅርጫቱ ሊሞላ ሲል አንዲት ሴት ሁለት ሴት ልጆች አስከትላ በቁልቁለቱ ወረደች። ታናሽየዋ በእግሯ ትሂድ እንጂ በጀርባ መሆን የሚገባት ነበረች፤ እናቲቱ የመሸከም አቅም አልነበራትም። ዙሪያውን አየች። የሚደረስበትን ቁጥቋጦ ሁሉ ስናራቁተው ነበር የዋልነው፤ የቀረው ከገደሉ ጫፍ ያለው ነው።

«አብሽሩ ልጆቼ» አለች። «ከዚያች ከቅርጫቷ ጥቂት ለነዚህ።»

እኔም እንዲህ አልኩ፦ «የሚካኤል ነው እናቴ። ለማኅበር የተለቀመ ከቀኑ በፊት አይነካም። በአሥራ ሁለት ነይ፤ ከደጃችን ይሰጥሻል።»

ይኼን ስል ክፉ የሆንኩ አልመሰለኝም። በእኛ አገር ለቅዱስ የተባለ ነገር አይቀመስም፤ የድኻ ድርሻ ደግሞ በዕለቱ በደጅ ይሰጣል። ደግ ጥሪ የጠራኋት ነበር የመሰለኝ። ቤታችንንም አመለከትኳት። ሚካኤል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር።

የሻረግ አየችኝ። «አንተ ከጠዋት ጀምሮ ስትቀምስ አልዋልክም?» አለችና በነጠላዋ የቋጠረችውን አጋም በሙሉ በልጆቹ ፊት ዘረገፈችው። እኔ ተቆጣሁ። ጋኑ አይሞላም፣ አባትሽ ፊት የምዋረደው እኔ ነኝ አልኳት። ቅርጫቱን አንስቼ ብቻዬን ወጣሁ።

እናቴ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ አጠነችው። አጋሙን በገበቴ በእጃችን ጨፈለቅነው፤ ውሃና የተወቀጠ ጌሾ ጨመርንበት፤ አፉን በጭቃ መረግነው። ሲተነፍስ እንዳይፈነዳ እናቴ ጭቃው መሃል ባዶ ሰንበሌጥ ሰካች። ጆሮዬን አስጠግቼ ሲንሾካሾክ መስማት ሥራዬ ሆነ። በሰባተኛው ቀን አጠለልነው፤ መልሰን መረግነው። በአሥራ አንድ ስንከፍተው መልኩ እንደ በሬ ደም፣ ሽታው አፍንጫ የሚይዝ ሆኖ ተገኘ።

የሚካኤል ዕለት ማኅበርተኛው ሊያፍርልን ተዘጋጅቶ መጣ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው መጀመሪያ ቀመሱ። ሁለተኛ ቀመሱ። «ይኼን ከየት አመጣችሁት?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አያ ደምሴ ሦስት ዋንጫ ጠጡ። የሲናሩን ዳቦ ማንም አልናቀውም፤ ፍርፋሪ አልቀረም። ሲጨርሱ አያ ደምሴ በሰው ሁሉ ፊት «ይኼ ቤት ነው» አሉ። «ሞላ፣ ጥር ላይ ሽማግሌዎችህን ላካቸው።»

የሻረግ እንደ ሰፈሩ ልጃገረዶች ሁሉ ልትቀዳ መጥታ ነበር። ዓይኗን ፈለግሁ፤ እሷ በሩን ታያለች። ሴትዮዋ ደጅ ቆማለች። የያዘችው ታላቂቱን ልጅ ብቻ ነው።

የሻረግ ቀደመችኝ። «ታናሽየዋስ?» አለቻት።

«ከዚያ ከገደሉ አልወጣችም» አለች ሴትዮዋ። «ካገኘናችሁ በአራተኛው ቀን ሞተች።» ከዚያ እኔን አየችና፣ ስትወቅሰኝ ሳይሆን ቃሌን ስታስታውሰኝ፣ «በአሥራ ሁለት ነይ ብለኸኝ ነበር» አለችኝ።

መሶቡን ባየው ባዶ ነው። ያለኝ መጠጥ ብቻ ነው። ዋንጫውን ሞልቼ በሁለት እጄ ዘረጋሁላት። ደግ መሆኔን ማኅበሩ እንዲያይልኝ ፈልጌም ነበር።

አሸተተችው። «እኔ እስላም ነኝ፣ ወንድሜ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ፍሬው ሲሆን ነበር የሚሆነኝ። አላህ ይስጥልኝ።»

ዋንጫውን እንደያዝኩ ቀረሁ። የሻረግ ወንዙን ተሻግራ ከቤታቸው ጥቂት ቆሎ ይዛ ስትመለስ ሴትዮዋና ልጇ መንገድ ጀምረው ነበር፤ ተከትላ ደረሰችባቸው። ከዚያ ወደ እኛ ቤት አልተመለሰችም።

በማግስቱ ምንጭ ላይ ጠበቅኋት። እንስራዋን አስቀምጣ ቆመች።

«አባቴ እሺ ብሏል» አለችኝ። «እኔ ግን አላልኩም።»

«ምን አደረግሁሽ?»

«እኔንማ ምንም።»

«ታዲያ?»

«ሁልጊዜ ከሰው ሁሉ የምቀርብህ እኔ ልሆን ነው፣ ሞላ። እኔ በልቼ የሌላው ልጅ ደጅ ትቆማለች። አልችለውም።» እንስራውን አዝላ ሄደች። አባቷ ገረፏት፤ አልሰማችም። በዓመቱ ደጎሎ ለሚኖር ሰው ተዳረች። እኔም ቆይቼ አገባሁ። ሚስቴ ጥሩ ሴት ናት፤ በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም።

በዚያው በስድሳ ስድስት የካቲት አብዮቱ መጣ። ስብሰባ ሲጠሩን ወገናችሁን የፈጀው ንጉሡ ነው፣ ባላባቱ ነው አሉን። እውነት ነው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጄን አወጣሁ፤ ነገሩ ሁሉ የእነሱ ሲሆን ቀለለኝ። ኋላ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስቆጥር፣ ስማችሁን ጻፉ ሲሉን፣ መጀመሪያ የጻፍኩት የእሷን ስም ነው። አስተማሪው «የሚስትህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

አሁን የሻረግ ባሏ ሞቶባት ደጎሎ ከልጇ ጋር እንደምትኖር ሰምቻለሁ። መኪና አለ፤ የሄድኩ ቀን እደርሳለሁ። አልሄድኩም። ይቅር በይኝ እንዳልላት የበደልኩት እሷን አይደለም፤ የዚያችን ሴት ደግሞ ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም። የሻረግ እምቢ ባትለኝ ኖሮ፣ በአሥራ ሁለት ነይ ያልኩት ደግነት ነበር ብዬ እሞት ነበር። ያዳነችኝ እሷ ናት፤ አውቃለሁ። ይኼን ሁሉ እያወቅኩ፣ ያኔ ምንጩ ላይ እሺ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።