እሳት ያየ ገብስ

«ገብስ ተቆላ ተብሎ ታክስ?! እሳት ስላየ ነው የሚያስከፍለው?! በሉ እንግዲህ፣ ነገ ደግሞ ፀሐይ የመታው በርበሬ ይከፍላል በሉን!»

የሚጮኸው ወንድይፍራው ነው። ቦታው ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር፣ የእትዬ ለተሚካኤል ሱቅ፤ ቅዳሜ ጠዋት፤ ከኋላው አምስት ሰው ተሰልፏል። በአንድ እጁ አንዲት ላስቲክ ቆሎ አንጠልጥሏል፣ በሌላው ደግሞ ላስቲኩ ላይ የተለጠፈችውን ዋጋ በጥፍሩ ይፍቃል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ዶላር የነበረው ቆሎ ዛሬ ሦስት ከሠላሳ ገብቷል።

«አትፋቅ!» አሉ እትዬ ለተሚካኤል። የመቀሌ ሰው ናቸው፤ ደህና ሲሆኑ አማርኛቸው ውሃ ነው፣ ሲናደዱ ግን ትግርኛው ከሥር ብቅ ይላል። «አካውንታንቱ ነግሮኛል። ጥሬ ኦቾሎኒ ታክስ የለውም፣ የተቆላ ኦቾሎኒ ታክስ አለው። ቆሎ ምንድን ነው? የተቆላ ነው። አለቀ፣ ሓወይ!»

ሓወይ ወንድሜ ማለት ነው። እሳቸው እንዲህ ሆነው ሲሉት ግን «ከፊቴ ዞር በል» ነው የሚመስለው።

«አካውንታንቱ ኦቾሎኒ አለ እንጂ መቼ ገብስ አለ?»

«ኦቾሎኒ የለበትም እንዴ?»

«ስንት ፍሬ?» ላስቲኩን ወደ መብራቱ ከፍ አደረገና ቆጠረ። «ሰባት! ሰባት ኦቾሎኒ ይሄን ሁሉ ገብስ ሊያስቀጣ?» ቀጥሎ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ቡና ዞረ። «ይሄስ? ፀሐይ ነው ያጠቆረው? አልተቆላም? ታክስ ጨምረውበታል?»

እትዬ ለተሚካኤል ቡናውን አዩት። ቡና ታክስ እንደሌለበት እሳቸውም ያውቃሉ።

«ቡና ሌላ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እንዴት ሌላ?»

«ቡና ነዋ!»

ሰልፉ ሳቀ። ወንድይፍራው ግን አልሳቀም።

አሁን ሠላሳ ሳንቲም ይሄን ያህል ያስጮሃል ወይ ብትሉ፣ ነገሩ ወዲህ ነው።

ወንድይፍራው በ2011 የዛሬ ሚስቱን እታለምን ብሎ ሜልበርን ከመምጣቱ በፊት ስምንት ዓመት ሲያትል ኖሯል። አሜሪካ በገባ በሳምንቱ ካውያ ሊገዛ ሄደ። ካውያው ላይ አሥራ ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ ይላል። ኪሱ ውስጥ ያለችው ሃያ ዶላር ናት። አንድ ሳንቲም መልስ ልቀበል ነው ብሎ ደረቱን ነፍቶ ሄደ። ካሸሯ ቲት አደረገችና በአፍንጫዋ «ትወንቲ-ዋን ሰምቲንግ» አለችው። እሱ ሃያውን ዘረጋ። እሷም ደገመችለት። እሱም ሃያውን ደግሞ ዘረጋ። ከኋላው ያለው ሰው ሰዓቱን አየ፤ አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ከፍተው ሳንቲም ሊሰጡት ሲፈልጉ አየና ካውያውን ጥሎ ወጣ። ለካ እዚያ አገር ዋጋ ላይ የተጻፈው ዋጋ አይደለም። ስቴቱ የራሱን፣ ካውንቲው የራሱን ጫን የሚያደርጉት ካሸሯ ጋ ስትደርስ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ወንድይፍራው ሳያሰላ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የትኛው ሰፈር ስንት ከመቶ እንደሚጨምር፣ ድልድዩን ስትሻገር ስንት እንደሚሆን፣ በቃ ሸመደደው። ሰው ከየሱቁ ይደውልለት ነበር። «ወንዴ፣ ጃኬቱ ሰባ ዘጠኝ ነው የሚለው፣ ስንት ይዤ ልቁም?» እሱም ታክሲውን እየነዳ «ሰማንያ ሰባት ያዝ፣ መልስ ይኖርሃል» ይላል። መልስም ይኖራል።

ሜልበርን ሲመጣ ግን ሥራ ፈታ። መጀመሪያ ማሪቢርኖንግ ትልቁ ገበያ ማዕከል ሄዶ የሃምሳ አምስት ዶላር ጫማ አነሳና፣ ታክሱን አስልቶ፣ ስልሳ ከሃምሳ ቆጥሮ ሰጠ። ልጅቷ ትርፉን መለሰችለት። «ኢንክሉድድ ነው፣ ዳርል።» ዋጋው ውስጥ ገብቷል፣ የኔ ውድ ማለቷ ነው። እሱ ገፋው፣ እሷ መለሰችው። «ታክሱን የት ደበቃችሁት?» ብሎ ቤቱ እስኪደርስ ሲነጫነጭ ነበር አሉ። ሰው ትርፍ ገንዘብ ይዞ እንደዚያ ከፍቶት አያውቅም።

ቀስ እያለ ግን ይቺም ገባችው። ዋጋው ውስጥ የተቀበረውን ለማውጣት ለአሥር ሳይሆን ለአሥራ አንድ ማካፈል ነው፤ ከሃምሳ አምስቱ ጫማ አምስቱ ታክስ ነበር ማለት ነው። ዳቦ፣ ወተት፣ ሽንኩርት ነጻ፤ ብስኩት፣ ቺፕስ፣ ለስላሳ ይከፍላል። እሁድ ከቸርች ሲወጣ ሰው ሪሲቱን ከኪሱ አውጥቶ ድምሩን ብቻ ያሳየዋል፣ እሱ ውስጡ ያለችውን ታክስ ይጠራል። ከሰኞ እስከ አርብ ዌሪቢ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ አንድ ዝምተኛ ሰው ነው። እሁድ ቀን ግን ወንዴ ካልኩሌተር ነው።

ለዚህ ነው የቸርቹ የጃንዋሪ ኮንፈረንስ ሲደርስ የቆሎው ግዢ ለእሱ የተሰጠው። ሕዝብ ፊት ቆሞ ነው የተናገረው፦ «መቶ ላስቲክ፣ ሦስት መቶ ዶላር። አንድ ሳንቲም አይጨምርም፣ አንድ ሳንቲም አይቀንስም።» ገንዘብ ያዧ ቅዱሳን «ለመጠባበቂያ ትንሽ ልጨምርልህ?» ብትለው ተቀየማት። ልክ ሦስት መቶ በፖስታ ተቀብሎ መጣ። አሁን እትዬ ለተሚካኤል ሦስት መቶ ሠላሳ ይሉታል። ሰው ተሰልፏል። አንዱ ሰዓቱን እያየ ነው።

ካውያዋ መጣች ማለት አይደል?

«እንወራረድ!» አለ ወንድይፍራው። «አካውንታንትዎ ቶሌሳ አይደል? ስለ ገብስ እንጠይቀው። ቆሎ ምግብ ነው፣ ታክስ የለበትም ካለ፣ እዚህ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ወንድይፍራው ልክ ነበር ይላሉ። ሦስት ጊዜ!»

«ታክስ አለበት ካለስ?»

«የፈለጉትን።»

እትዬ ለተሚካኤል በር ላይ የተከመረውን የጤፍ ዱቄት አዩ። ከዚያ ትከሻውን አዩ። «ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናው ሲመጣ ጤፉን ታወርዳለህ። እስከ ፋሲካ።»

«ተስማማሁ! አሁን ቆሎውን አልፈልግም። ጥሬውን ይስጡኝ! ጥሬው ታክስ የለበትም አይደል?»

አሥራ ሁለት ኪሎ ገብስ፣ ሦስት ኪሎ ኦቾሎኒ፣ ስልሳ ዶላር። ተሸክሞት ወጣ።

እታለም ከአረጋውያን ቤት ሺፍቷ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኬንሲንግተን ቤቷ ስትደርስ ደረጃው ላይ ነው የጭሱ ሽታ የተቀበላት። ውጭው አርባ ዲግሪ ነው። ውስጥ ወንድይፍራው በካናቴራ፣ ምድጃው ቀልቷል፣ ስሞክ አላርሙ «ፒይይይፕ! ፒይይይፕ!» ይላል፣ እሱ በአንድ እጁ ያማስላል፣ በአንድ እጁ አላርሙን በፎጣ ያራግባል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ቆሎ!»

አንድ ፍሬ አፏ ውስጥ ጣለችና መልሳ አወጣችው። ከላይ ከሰል፣ ከውስጥ ጠጠር ነው። ወንበር ላይ ወጥታ አላርሙን ዝም አሰኘችና ታሪኩን ሁሉ አስወራችው። ውርርዱ ላይ ሲደርስ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ጴንጤ ሆነህ ትወራረዳለህ?»

«ገንዘብ የለበትም እኮ፣ ጤፍ ነው።»

«ወንዴዬ፣ ሠላሳ ዶላር ነው የጎደለህ። እኔ ከቦርሳዬ ልስጥህ፣ ማንም አይሰማም።»

«እኔ እሰማለሁ። ገንዘቡ አይደለም እቱ። ሰው ፊት ቆሜ ሦስት መቶ ነው አልኩ።»

ትክ ብላ አየችው። «ካውያዋ ናት አይደል?»

እሱ ወደ ምጣዱ ዞሮ ከሰሉን ማማሰል ቀጠለ። እታለም ቀስ ብላ ወደ መኝታ ቤት ገባችና ስልኳን አነሳች።

በአርባ ደቂቃ ውስጥ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ለተሚካኤል ሱቁን ለልጃቸው ጥለው፣ ጎማ የሚያህል የቆሎ ምጣድ በብብታቸው ይዘው መጥተዋል።

«ገብሱን የገደለው የታለ?»

ወንድይፍራው ግድግዳውን ተጠጋ።

«ዋይ! ዋይ!» አሉ ምጣዱን እያዩ። «ውሃ እንኳን ሳታሳየው? ደረቁን? መስኮት ክፈት! እታለም፣ ፋኑን ወደዚህ! አንተ ላስቲክ ቁጠር፣ እሱን ትችልበታለህ።»

እትዬ ለተሚካኤል ገብሱን ውሃ አርከፈከፉበት፣ በጨርቅ ሸፈኑት፣ ቆይተው በትንሽ በትንሹ ምጣዱ ላይ በተኑት። እሳቸው ሲቆሉ ጭስ የለም። አላርሙም አፉን ዘጋ። ገብሱ ጠሽ ጠሽ እያለ ቀይ ሲል ቤቱ በመዓዛው ብቻ ጠገበ። ቅዳሜ ከሰዓት ጀምረው እሁድ ከሰዓት ጨረሱት። መቶ ላስቲክ ሳሎኑ ላይ ተደረደረ፤ በተቃጠለው ምትክ እትዬ ለተሚካኤል ከቤታቸው ሁለት ኪሎ ጨምረው ነው የሞላው፤ እሱን ለማንም አልተናገሩም፣ እታለም ብቻ አይታለች።

ወንድይፍራው መቶኛዋን ላስቲክ አሰረና ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ፈገግ አለ።

«እና ስልሳ ዶላር ብቻ ነው ያወጣኸው ማለት ነው» አለች እታለም።

«ስልሳ ብቻ!»

«ሁለት መቶ አርባ ተረፈ።»

«ተረፈ!»

«አንድ ሳንቲም አይቀንስም አላልክም?»

ፈገግታው እዚያው ደረቀ። ተነስቶ ፖስታውን አወጣና ሁለት መቶ አርባውን እንዳለ ለእትዬ ለተሚካኤል ዘረጋ።

«የድካምዎ ነው።»

«ምን? ቤትህ መጥቼ የቆላሁት ለገንዘብ መሰለህ? አስገባው!»

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ይቀበሉኝና ቃሌ ይሙላ!»

እትዬ ለተሚካኤል እሱን አዩ፣ ገንዘቡን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸው ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ አለ። ሻርፓቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«እሺ። ግን ሪሲት እጽፍልሃለሁ። ሥራ ላይ ታክስ እንዳለ ታውቃለህ አይደል? ሁለት መቶ አርባው ከነታክሱ ነው ወይስ ታክሱን ልጨምርበት?»

«ከነታክሱ!» ብሎ ጮኸ ወንድይፍራው፣ ዓይኑን ሳያሽ። «ውስጡ ነው! ሃያ አንድ ዶላር ከሰማንያ ሁለት ሳንቲም፣ ውስጡ ነው!»

እታለም ሶፋው ላይ ወድቃ ነው የሳቀችው። እትዬ ለተሚካኤልም ብሩን ቆጥረው ሻርፓቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ኮንፈረንሱ ላይ ቅዱሳን ሁለቱን ሪሲት ደመረች። ስልሳ፣ ሁለት መቶ አርባ። ቀና ብላ «ልክ ሦስት መቶ» አለች፣ ድምጿ ማይኩ ውስጥ ገባ። ከኋላ አንዱ «አሜን!» አለ። ወንድይፍራው አፉን ቆሎ ሞልቶ ጣሪያውን ያያል።

ውርርዱ ግን አለ።

ቶሌሳ የመጀመሪያውን ቀን «እንዲህ በስልክ አይሆንም፣ ናሙና ላኩልኝ» አለ። ተላከለት። በሳምንቱ «ኦቾሎኒ በዛበት፣ ለመወሰን አስቸገረኝ፣ ገብስ ብቻ ያለበት ላኩልኝ» አለ። ተላከለት። ከዚያ ሱፍ ያለበት ካለ ብሎ ጠየቀ።

አምስተኛው ቅዳሜ ላይ እትዬ ለተሚካኤል ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት። ወንድይፍራው የጤፍ ከረጢት ትከሻው ላይ እንዳለ ቆሞ ያዳምጣል። መኪናው ሲመጣ እዚያው ነበረ፣ ዝም ብሎ ማየት አስጠላው፣ ስለ ውርርዱ አይደለም።

«ቶሌሳ! በል ንገረን! ምግብ ነው ወይስ ምንድን ነው?»

ከወዲያ በኩል «ቅርጭም፣ ቅርጭም» የሚል ድምፅ መጣ።

«እትዬ፣ ነገሩ ከባድ ነው» አለ ቶሌሳ፣ እያኘከ። «እንዲህ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። የታክስ መሥሪያ ቤቱን በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። እስከዚያ ግን እኔም ላጥናው... አንድ ላስቲክ ደግሞ ብትልኩልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሁለቱ ተያዩ።

«እስከ ፋሲካ ስንት ሳምንት ቀረ?» አሉ እትዬ ለተሚካኤል።

«ዘጠኝ» አለ ወንድይፍራው ሳያስብ፣ ከረጢቱን አወረደና አንዲት ላስቲክ ቆሎ ከመደርደሪያው አነሳ። አውራ ጣቱ በራሱ ጊዜ ወደ ዋጋዋ ሄደ።

«አትፋቅ!» አሉ። «ገና አልተፈረደም።»