ቢጫ ያልሆነችው ብልቃጥ

አክስቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራችው በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ የቀዶ ሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ከጀርም በሚጸዳበት ክፍል ነበር። ሰው ሁሉ «እትዬ እንፋሎት» ይላት ነበር።

የማሽኑ መጋል ብቻ አያሳምናትም። እልኸኛ ጀርም ያለበት ሐምራዊ ውሃ የያዙ ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች ትወስድና አንዷን ከመቀሶቹ ጋር እንፋሎት ውስጥ ታስገባለች፤ ሌላዋን እንዲሁ ትተዋለች። ከዚያ ሁለቱንም ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ታሳድራቸዋለች። ጀርሙ በሕይወት ካለ በሙቀቱ ይራባና ሐምራዊው ውሃ ቢጫ ይሆናል። እንግዲህ እንፋሎት ያልነካት ብልቃጥ ቢጫ መሆን አለባት።

ማሽኑ በተጠገነ ማግስት እናቴ፣ የአክስቴ ታናሽ እህት፣ የሐሞት ጠጠሯን ልታስወጣ ተኝታ ነበር። ወራት የጠበቀችው ሐኪም ከሌላ ከተማ ለጥቂት ቀን የመጣ ነው። ማለዳ ወርዶ ብልቃጦቹን አየ።

«ሁለቱም ሐምራዊ! እሰይ እትዬ፣ ጀርም የሚባል የለም።»

«እሱ ነው የከፋው። ያቺኛዋን እንፋሎት አልነካት፤ ምን ገደላት?»

«ተአምር ሠርተው ይሆናላ!»

«ተአምር ብችልማ እዚህ ጉድጓድ ምን አስቀመጠኝ?»

አጎንብሳ ከጠረጴዛው ሥር አየች። በሳጥኑ ሶኬት ላይ የተሰካው ካውያ ነበር። ትናንት የዕቃ መጠቅለያ ጨርቅ ስትተኩስ የሳጥኑን ገመድ ነቅላ ረስታዋለች። ማንም አላያትም።

«የነቀልኩት እኔው ነኝ» አለች ቀና ብላ። «ሳጥኑ ቀዝቅዞ ስላደረ ፈተናው ምንም አልነገረንም። ዕቃው አይወጣም።»

«እህትዎ እኮ ናቸው! እኔ ነገ ከሰዓት ተሳፋሪ ነኝ።»

«የማንም እህት ብትሆን አይወጣም። አሁኑኑ እንደገና እጀምራለሁ፤ ነገ በጠዋት ይምጡ።»

ለእናቴም ራሷ ወጥታ ነገረቻት።

«ከማታ ጀምሮ አንጀቴ ታጥፎ፣ አንቺ ስለ ካውያ ታወሪልኛለሽ?»

«ስድቡን እስክትድኚ አቆዪው፤ አሁን ሾርባሽን ጠጪ።»

በማግስቱ አንደኛዋ ብልቃጥ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆና፣ እንፋሎት ያለፈባት ሐምራዊ እንደ ሆነች ተገኙ። አክስቴ ሁለቱን በመዳፏ ይዛ ደረጃውን እንደ ልጃገረድ ሮጠችው። ሐኪሙም ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦ ሥራውን ጨረሰ።

ቁስሉ ሳያመረቅዝ ደረቀ። እናቴ ዛሬም እንደ ክር የቀጠነውን ጠባሳ እያሳየች፣ «ይኼ የእህቴ ካውያ ነው» ትላለች፤ ያቆየችውንም ስድብ እስካሁን አልጨረሰችም።