ጠረጴዛ የሆነው ከበሮዬ

ባለፈው ቅዳሜ ከለቅሶ ቤት ተባረርኩ። ጠጥቼ አልነበረም። ጠረጴዛ ስለመታሁ ነው።

ሟቹ አቶ ጌጡ ይባላሉ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ በወጣትነቴ የወረዳችን የባህል ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ወረዳዋን በስሟ አልጠራትም፤ መንዝ ውስጥ መሆኗ ይበቃል፣ ዘመዶቼ አሁንም እዚያ ይኖራሉ። አገሬው ሁሉ ሲሄድ እኔም ቂመኛ እንዳልባል ሄድኩ። ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩ፣ ንፍሮ ተሰጠኝ። ሳህኑን አጠገቤ ካለው፣ ከአንድ ግንድ ከተፈለፈለ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ሳሳርፈው ጠረጴዛው «ዱም» አለኝ። ንፍሮው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ያንን ድምፅ ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ስፈልገው ኖሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ በወረዳችን የኪነት ቡድን ተቋቋመና ከበሮ መቺው እኔ ሆንኩ። በእንቅልፌ ሁሉ እመታ ስለነበር ወንድሞቼ አጠገቤ መተኛት ትተው ነበር። አንድ ቀን ከዞን ሰዎች መጥተው ለዞኑ ቡድን በደመወዝ የሚቀጠር አንድ ከበሮ መቺ እንደሚመርጡ ተነገረን። ያቺ ቦታ የእኔ መሆኗን እናቴም፣ በሬዎቻችንም ያውቁ ነበር። ችግሩ ፈተናው በድራም መሆኑ ነበር፦ ትልቁ ከበሮ በእግር፣ ትንንሾቹ በቀጭን ዱላ የሚመቱበት። እኛ ድራም ያየነው በቴሌቪዥን ብቻ ነው። ስለዚህ እኔና ማሲንቆ መቺው ጓደኛዬ ተካ «እንሥራው» ተባባልን።

የትኛው እንጨት እንዴት እንደሚጮህ ለማወቅ የከተማዋን በር ሁሉ ማንኳኳት ጀመርን።

«ማነው?» ይላሉ ከውስጥ አንዲት አሮጊት።

«ማንም አይደለም እማማ። በሩን ነው የፈለግነው።»

«በሩን ምን ልታደርጉት?»

«ልንሰማው።»

«ቆዩኝማ፣ ውሻውም ይስማችሁ!»

ከውሻ ንክሻ ያተረፍነው ትምህርት ይህ ነው። ጥድ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ቸኩሎ ተናግሮ ቶሎ ዝም ይላል፣ ለትንንሾቹ ይሆናል። ወይራ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚመልስልህ፤ ዱላ እንጂ ከበሮ አይወጣውም። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሲሆን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይታፈናል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ግን! የደረቀ ዋንዛ ከሆዱ ነው የሚናገረው፤ ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ መጥቶ ደረትህ ላይ ያርፋል። ያውም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ ምስማር ሳይነካው፣ ግድግዳው ሳሳ ተደርጎ ከተሠራ ነው። ግድግዳው ከወፈረ ድምፁን ራሱ ይውጠዋል።

ዋንዛ ደግሞ የእኛን ብርድ አይወድም። ስለዚህ ወደ መርሐቤቴ ወረድኩ፣ ከዓለም ከተማ ወዲያ ቆላው ላይ ወደሚያርሰው አጎቴ። ጊዜው ኅዳር ነበር፣ ማሽላው አንገቱን ደፍቷል። አጎቴ ትኩስ የማሽላ ቂጣ በኑግ አቀረበልኝና ጎተራው ሥር ለዓመታት የደረቀ የዋንዛ ግንድ አሳየኝ። አምስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። እሺ፣ ሁለት ሰው።

«ለበር ነበር ያሰብኩት፤ ውሰደው» አለኝ። «ስትመረጥ ግን ስሜን በራዲዮ አስጠራልኝ።»

በአይሱዙ ላይ፣ ከጤፍ ጆንያ ጋር፣ ግንዱን እንደ ሙሽራ አቅፌ በደብረ ብርሃን ዞሬ መንዝ ገባሁ። መንገዱ ጉበቴንና ኩላሊቴን ቦታ አለዋውጧቸው ነበር፤ እስካሁንም የተመለሱ አይመስለኝም። አቶ ጌጡ ግንዱን ዞር ዞር እያሉ አዩት፣ በጣታቸውም መታ መታ አደረጉት። «መጋዘን ይግባ፤ የወረዳው አናጢ ይፈለፍለዋል» አሉ። አመሰገንኳቸው። ያቺን ምስጋና ዛሬ ብትመልሱልኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

የፈተናው ዋዜማ ላይ ከበሮው መጣ። እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ ክብ ተደርጎ በምስማር ተጠርቅሞ፣ መስተዋት የሚያስንቅ ቀይ የዘይት ቀለም ተለቅልቆ። አናጢውን ጋሽ ሽፈራውን ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ዋንዛዬ የት ሄደ?»

«ከበሮ ተባልኩ፣ ከበሮ ሠራሁ።»

«ዋንዛው ነው የት ሄደ የምልዎት!»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራ። አዛዡን ጠይቅ!»

አዛዡ ቢሮ እየሮጥኩ ገባሁ። አቶ ጌጡ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጥጠው፣ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ትንኝ የሚጮኸውን ነገር ተናገሩኝ።

«ልጄ፣ እንጨት እንጨት ነው። ድምፅ ከመቺው እንጂ ከእንጨቱ አይመጣም።»

በማግስቱ ከሞላሌም ከዘመሮም ሳይቀር ሰው ጎርፎ አደባባዩ ሞላ። ጠዋት ጉም ስለነበር ቆዳው ረግቦ፣ ትልቁን ከበሮ ስመታው ትራስ የመታሁ መሰለኝ። ምስማሮቹ ብቻ ይንጫጫሉ። ከዚያ ፀሐይ ወጣች። የመንዝ የበጋ ፀሐይ ከነነፋሷ! ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ ባሕር ዛፉ «ጧ!» ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ዘበኛው ጠመንጃውን ጥሎ መሬት ላይ ተዘረጋ፣ የገበያው አህዮች እስከ መርሐቤቴ ሳያቆሙ ሮጡ ይባላል። ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ለወትሮው ከሚስቀው ጋር እስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልቻልኩም።

ከዞን ከመጡት አንዱ ሰውዬ «ይህ ልጅ ጉልበት እንጂ ጆሮ የለውም» አሉ። ጆሮ! እኔ! በጆሮዬ ምክንያት ስንት ውሻ የነከሰኝ ሰውዬ! አቶ ጌጡ ደግሞ ማይክራፎኑን ነጥቀው «ወጣቱ የመንግሥት ንብረት ሰብሯል» ብለው በሕዝብ ፊት ተቆጡኝ። ቦታዋን ሌላ ሰው ወሰዳት። እኔ ጎሚስታ ሆንኩ፤ ዛሬ የምመታው የአይሱዙ ጎማ ነው። አጎቴም ስሙ በራዲዮ ሳይጠራ ሞተ።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ያ ጠረጴዛ «ዱም» ሲለኝ ይህ ሁሉ ነው ጉሮሮዬ ላይ የቆመው። ቀና ስል ጋሽ ሽፈራው ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ዓይኔን ሲያዩ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። የሟቹ ትልቋ ልጅ ግን ጠረጴዛውን ማየቴን አይታ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች።

«አባባ በጣም ይወዱት ነበር» አለችኝ። «እንግዳ በመጣ ቁጥር በጣታቸው መታ መታ አድርገው ‹ስሙት እስቲ፣ ዋንዛ እኮ ነው! እንዲህ የሚጮህ ሌላ እንጨት የለም› ይሉ ነበር።»

ያውቁ ነበር! ባያውቁ ኖሮ እኮ ይቅር እላቸው ነበር። እንጨት እንጨት የሆነባቸው ምስኪን ናቸው ብዬ እተወው ነበር። እጆቼ ሳያማክሩኝ ተነሡ። ያን ቀን ለዞን ሰዎች ልመታው የነበረውን ምት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በሁለት መዳፌ ለቀቅኩት። ንፍሮው ጣራ ነካ። አልቃሾቹ ዞረው አዩኝ። ማሩኝና፣ የአንዳንዶቹ ትከሻም ነቅነቅ ሲል አይቻለሁ።

ሁለት ጎረምሶች ብብቴን ይዘው አወጡኝ። «ነውር ነው፣ ሙት አይወቀስም!» አለኝ አንዱ።

«ሙቱን መች ነካሁት?» አልኩት። «የመታሁት የገዛ ከበሮዬን ነው።»

ዕድሜ ቂምን ያበርዳል የሚሉ ሰዎች ዋንዛ አያውቁም። ዋንዛ በከረመና በደረቀ ቁጥር ድምፁ ይጎላል። ይኸው መዳፌ አሁንም ያቃጥለኛል። የአቶ ጌጡ አርባ ደግሞ ገና ይመጣል። እሄዳለሁ። ቤተሰቡ ብልህ ከሆነ ጠረጴዛውን ከወዲሁ ይደብቀው።