አልጋነሽ የቀመሰችው ቆጮ

እስረኛ ልትጠይቅ የምትሄድ ሴት ሰርግ እንደተጠራች አትሽቀርቀር። ይህን ለጎረቤቴ ለአልጋነሽ ደጋግሜ ነግሬያት ነበር። ወንድሜ ከታሰረ ወዲህ የሶዶን ማረሚያ ቤት ፍተሻ እንደ ቤቴ ደጃፍ አውቀዋለሁ። ስልክ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ይቀመጣል፤ ሳሙና ለሁለት ይቆረጣል፤ ዳቦ ይፈረፈራል፤ በርበሬ ደግሞ ዓይን ላይ ይረጫል ተብሎ አይገባም። እሷ ግን ሹሩባ ተሠርታ፣ ቆጮ በለጋ ቅቤ አሽታ፣ የበርበሬ ዳጣውን በብልቃጥ ይዛ ከቦዲቲ አብራኝ ተሳፈረች።

ልፈርድባት አልቻልኩም። ባሏን ደገፉን ካየችው ዓመት አልፏታል።

አልጋነሽ ቦዲቲ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። ሌላው ቅቤው ላይ ድንች ሲቀላቅል እሷ ቀላቅላ አታውቅም። ደገፉ በመሬት ድንበር ተጣልቶ የታናሽ ወንድሙን የህብረትን እጅ በገጀራ ሲቆርጥ ያየችው እሷ ብቻ ነበረች። የደገፉ ዘመዶች “ህብረት ነው የጀመረው በይ” ብለው ለመኗት። ፍርድ ቤት ቀርባ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጇን ጭና ያየችውን ተናገረች። ተፈረደበት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ በአልጋነሽ ቤት ግን እያደር ጨለመ። ዘመዶቹ ሰላምታ ነፈጓት። እሱም ልትጠይቀው ስትመጣ “ሚስት የለኝም” እያለ አስመለሳት። ባለፈው እሁድ ግን በወንድሜ በኩል “ትምጣ” ብሎ ላከባት። “ከእጄ ከበላ ታረቅን ማለት ነው” ስትል ነበር መንገዱን ሙሉ።

ሴቶች የሚፈተሹት በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ክፍል ነው። ፈታሿ መሲ ክፉ ሴት አይደለችም፤ እጇ ግን አያፍርም። ጡት ሥር፣ ቀሚስ ጠርዝ፣ ጫማ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሹሩባውን ዳበሰችው።

“ይሄ ይፈታ፣ እህቴ።”

“ትናንት ነው የተሠራሁት።”

“ባለፈው በሹሩባ ሲም ካርድ ገብቶብናል።”

ጥግ ይዘን ፈታነው። ዳጣው እዚያው ቀረ። መሲ ቆጮውን በማንኪያ እስከ ታች ወጋጋችና “ቅመሺ” አለች። ይህ ለማንም ጠያቂ የሚባል ነው፤ ምግቡ እንዳልተመረዘ ያመጣው ሰው ቀምሶ ያሳያል። አልጋነሽ ዓይኗ እንባ እያቀረረ ቀመሰችና ፈገግ ለማለት ሞከረች። እኔ ግን ተናደድኩ። ሰው ልጠይቅ ብሎ መጥቶ እንደ ሌባ መበርበሩን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

ደገፉ ከእንጨት አጥሩ ወዲያ ከወንድሜ ጋር ቆሞ ነበር። ከስቷል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። አልጋነሽ ሰላም ብላው የቆጮውን ሳህን ከአጥሩ በላይ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም።

“ቅመሺ” አላት።

“በር ላይ ቀመስኩ እኮ።”

“እኔ አላየሁም።”

ወንድሜ አቀረቀረ። አልጋነሽ በእጇ ዘግና ጎረሰች። እስክትውጠው ጉሮሮዋን እያየ ጠበቀ።

“ከታችኛው ድገሚ።”

ደገመች። ከዚያ ማንም ሳያዛት ሌላ ጎረሰች። የተፈታው ጸጉሯ ፊቷ ላይ እየወደቀ፣ እዚያው እንደቆመች፣ ሳታቋርጥ በላች።

“በቃ፣ አመንኩሽ። አምጪው” አለ እጁን ሰዶ። መራቡ ያስታውቅበታል።

ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። የሳህኑ ቂጥ እስኪታይ በላች፤ ክዳኑን ገጠመችና “ደህና ሁን” ብላው ዞረች። እኔም ወንድሜን በወጉ ሳልሰናበት ተከተልኳት።

ከሱቁ ስልኳን ስትቀበል ልጃቸው ቤቴል ደወለች። የልጅቷ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

“እማዬ፣ አባዬ በላልሽ?”

አልጋነሽ አፏን በነጠላዋ ጠረገች።

“በላ፣ ልጄ” አለቻት። “ጠግቦ ነው የበላው። ሳህኑን ባዶ መለሰልኝ።”